ባለነጭ ፊቱ ሰዓት

ተኚ ብለውኛል፣ ተኝቻለሁ፣ እንቅልፉ ግን እሺ አላለኝም። ጠራራ ቀን ነው፤ ወረቀት በተለበደው ተንሸራታች በር የሚገባው ብርሃን እግሬ ድረስ መጥቷል። ከወጥ ቤት እትዬ ኪዮኤ ሳህን ሲያጥቡ ይሰማኛል። የባሌ ታላቅ እህት ጎንበስ ብለው የእንግዳ ሳህን እያጠቡ እኔ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ፣ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም፣ ልነሣ ብዬ ገና በክርኔ ስደገፍ ሰሌኑ ሲንኮሻኮሽ ይሰማቸውና "ሊጋ! ተጋደሚ ብያለሁ! አርጅቻለሁ እንጂ አልደነቆርኩም!" ይላሉ። ተጋድሜአለሁ እንግዲህ። መቁጠሪያዬን ይዤ ጸጋን የተሞላሽ እላለሁ፣ ሦስተኛዋ ፍሬ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ያመልጠኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ፣ እንደገና ሦስተኛዋ ላይ ያመልጠኛል፣ እመቤቴ ትታገሠኛለች፣ እሷም እናት ናት። እስከ ዛሬ ጠዋት እንቅልፍ የነሣኝ ፍርሃት ነበር። አሁን ፍርሃቱ ወጥቶ ሄዷል፤ ተኝቶበት የነበረው ቦታ ግን ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ ምን እንደማስቀምጥበት አላውቅም።

ፍርሃቴ የቤቱ ነገር ነበር። አማቴ እማማ ሺዙ አርፈው፣ አመዳቸውን ይዘን አስከሬን ከሚቃጠልበት የተመለስን ዕለት፣ እትዬ ኪዮኤ ደጃፍ ላይ ጫማቸውን እየተጫሙ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "ሊጋ፣ የቤቱን ነገር ከአርባ ዘጠነኛው ቀን በኋላ እንነጋገራለን" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። በሩ ተዘጋ፣ መኪናቸው ወደ ማትሱሞቶ ሄደ። እዚህ አገር እስከ አርባ ዘጠነኛው ቀን ሟች ከቤቱ ጣሪያ ሥር አይርቅም፣ እሱ እየሰማ ስለ ቤትና ስለ ዕቃ አይወራም፣ ይህን አውቃለሁ፣ ሰው ነገሩን በግማሽ ሲተወው ደግሞ የቀረውን መጠየቅ ነውር ነው፣ እና የቀረውን ግማሽ እኔው ራሴ ሞላሁት፣ ስሞላውም ክፉ ክፉውን እየመረጥኩ። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። እዚያ ያለችው ልጅ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ ቤቱ በሕግ የሴት ልጃቸው እንደሆነ ነገረችኝ፣ እኔ የሞተ ልጃቸው ሚስት ነኝ፣ ያውም ያልወለድኩለት፤ "እርስዎ በዚህ ውስጥ አይገቡም፣ በጣም አዝናለሁ" አለችኝና እጅ ነሣችኝ። ቆጣ ብላ ብትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ትሕትናዋ ነው ያስፈራኝ።

ለአርሊን ደወልኩላት። አርሊን ልጄ ናት፣ አገሬ አንቲኬ ባሕሩ ዳር እህቴ ፌሊሳ ዘንድ ትቻት የመጣሁት፣ ያኔ የወተት ጥርሷ ገና አልተነቀለም ነበር፣ አሁን ራሷ የልጆች እናት ናት፣ አስተማሪም ናት። "ካስወጡሽ ምን ቸገረሽ፣ ነያ!" አለችኝ። "የት ታስተኚኛለሽ?" "ከልጆቹ ጋር። አሳማው ውጭ ነው የሚያድረው፣ አይዞሽ።" ትስቃለች፣ እኔም እስቃለሁ። ስልኩን ስዘጋው ግን ያላሳደግኋት ልጅ ልትጦረኝ ነው፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ እላለሁ፣ እጄ ደግሞ ሳላዘው አንዲት ጣት አጥፏል። ልማዴ ነው። እዚያ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይዘገያል፣ ያቺን አንዲት ሰዓት ከመጣሁ ጀምሮ ስቀንስ ኖሬአለሁ። ሩዙ ይበስላል፣ ራዲዮው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው ይላል፣ አንዲት ጣት አጥፋለሁ፣ እዚያ ገና አሥራ ሁለት ነው፣ አሁን ፌሊሳ ቀስቅሳታለች፣ ፀጉሯን እየጎነጎነችላት ነው፣ ማበጠሪያው ሲስባት ታለቅሳለች፣ ታለቅሳለች እላለሁ፣ ሴትዮዋ አስተማሪ ሆናለች እኔ አሁንም ፀጉሯን አስጎነጉናታለሁ።

ሣጥኑ ራስጌዬ ነው። ጆሮዬን ትራሱ ላይ ሳስጠጋ ይሰማኛል። የእማማ ሺዙ ሰዓቶች ናቸው፣ ሣጥኑ ውስጡ ሐር ለብሷል፣ ዛሬ ከሰጠነው በኋላ ሁለት ብቻ ቀርተውበታል፣ ድምፃቸው ግን የሁሉም ያህል ነው። ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት እማማ በሟቾች መሠዊያ ፊት ይንበረከካሉ፣ እኔ ከጎናቸው፣ ሰዓቶቹን አንድ በአንድ አቀብላቸዋለሁ፣ መሙያቸውን በሁለት ጣት ይዘው ቀስ ብለው ያዞራሉ፣ ልክ ሕፃን ጆሮ እንደሚነካ ሰው፣ ራዲዮው የሰዓት ምልክቱን ሲያሰማ ሁሉም እኩል መሆን አለባቸው። እሳቸው ሲሞሉ እኔ በልቤ ጸሎቴን እደግማለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሥዕሌን ሰሌኑ ላይ አቁሜ ስጸልይ ሲያዩ ከመሠዊያው ጎን ያለችውን ትንሿን መደርደሪያ ጠርገው "የእናትሽን ሥዕል እዚህ አድርጊያት፣ መሬት ላይ ምን ታደርጋለች" አሉኝ። እመቤቴን ነው እናትሽ ያሉኝ። ቋንቋውንም የተማርኩት እዚያው ተንበርክኬ ነው፣ በሰዓት ታሪክ። መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ ሲያዩኝ "ዝጊውና ስሚኝ" ይሉኛል።

ትንሿ የሴት ሰዓት የራሳቸው ናት። እማማ ሺዙ ልጃገረድ ሳሉ ሐይቁ ዳር ካለው የሰዓት ፋብሪካ ገቡ፣ ሥራቸው እንደ ፀጉር የቀጠነችውን ሞላ በመቆንጠጫ አንሥቶ ቦታዋ ላይ ማስቀመጥ ነበር። እዚያ አይወራም፣ አይሳልም፣ ትንፋሽም በልክ ነው። አንድ ቀን አስነጠሳቸው። ሞላዋ በረረች። የመደዳው ልጃገረዶች ከነነጭ ቆባቸው መሬት ለመሬት እየዳሁ ይፈልጋሉ፣ ቁጡው አለቃቸው ጌንዞ ከላያቸው ቆሞ "ዓይን የላችሁም እንዴ?" እያለ ይጮኻል፣ እማማ ቀና ብለው ሲያዩ ሞላዋ ቅንድቡ ላይ ተሰክታለች። "ምን አሉት?" እላቸዋለሁ፣ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፣ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይነግሩኛል። "'ዓይንስ አለን ጌታዬ፣ ሞላዋ ግን የመረጠችው ቅንድብዎን ነው' አልኩት። ከዚያ ወዲያ ምን ምርጫ አለው? አገባኝ።"

የጌንዞ ሰዓት ከባዱ ነው፣ ጡረታ ሲወጡ ፋብሪካው የሰጣቸው፣ ጀርባው ላይ ስማቸው የተቀረጸበት፣ ክንድ ሲወዛወዝ ራሱን የሚሞላ። ዛፉ ላይ የበዛውን የፖም ፍሬ ለቅመው ሲያሳሱ እንዳይቧጨር ብለው ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለውት ረሱት። ቤቱ ተገለበጠ፣ እማማ ምንጣፉን አነሡ፣ የሩዙን ዕቃ ደፉ፣ ሰዓቱ የለም። ከቀናት በኋላ ጌንዞ ወደ ዛፉ ሲመለሱ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆጥራል፣ ነፋሱ ቅርንጫፉን እያወዛወዘ ሞልቶታል። "እኔን ከሥራ አሰናበቱኝ፣ ሰዓቴን ነፋስ ቀጠረው" ይሉ ነበር አሉ፣ እማማ ይህን ሲነግሩኝ በጌንዞ ድምፅ ነው፣ አገጫቸውን ወደ ውስጥ ስበው።

መስታወቱ የተሰነጠቀው የባሌ የሞሪዮ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ እናቱ የሰጡት። ሞሪዮ የፋብሪካ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፣ እኔ በውል መጥቼ ብሎን ስለይ የምውል ሴት ነበርኩ፣ ቀርፋፋ ነኝ፣ ሻርፕ እረሳለሁ፣ ጫማ እቀያይራለሁ፣ የዚህ አገር አውቶቡስ ደግሞ ንጉሥም ቢሆን አይጠብቅም። ሞሪዮ መሪው ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ጆሮው ላይ ያደርግና "ገና ነው፣ የእኔ አልደረሰም" ይላቸዋል። ከኋላ ያሉት ሴቶች ይጮኻሉ፦ "የሞሪዮ ሰዓት ሊጋን ካላየ አይቆጥርም!" ቀልተን እንሄዳለን፣ እሱም እኔም፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ። ሆስፒታል በተኛ ጊዜ፣ በመጨረሻው፣ ሰዓቱን በዚያ በከሳ እጁ አንሥቶ ጆሮው ላይ አደረገና "ገና ነው" አለኝ። ሊያስቀኝ ነው። ሳቅኩለት። እሱ ከሄደ በኋላ እማማና እኔ ብቻ ቀረን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ሣጥን ሰዓት።

ባለነጭ ፊቱ ግን ታሪክ አልነበረውም። ጥቁር ቁጥር፣ የቆዳ ማሰሪያ፣ ሌላ ጌጥ የለው። ሞሪዮን ባገባሁ ዓመት ነው ሣጥኑ ውስጥ ያየሁት። "ይኼኛውስ የማን ነው?" እላቸዋለሁ። "ይኼኛው ገና ነው" ይላሉ። "ገና ምን?" "ታሪኩ ገና ነው" ይሉና ሌላውን አቀብዪኝ ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ። አልገፋም፣ ትልቅ ሰው ገና ነው ካለ ገና ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ግን አንድ ነገር አየሁ። ሰዓቶቹን ሞልተን፣ እኔ ወጥ ቤት ሄጄ የመሠዊያውን ሩዝ ይዤ ስመለስ፣ ባለነጭ ፊቱ አንድ ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል። ሌሎቹ ሁሉ ልክ ናቸው፣ እሱ ብቻ። ደነገጥኩ። ዕድሜ ልካቸውን ሰዓት የሠሩ ሴት፣ አንዲት ሴኮንድ ስትዛነፍ ፊታቸው የሚጠቁር ሴት፣ ሙሉ አንድ ሰዓት ይሳሳታሉ? አእምሯቸው እየሄደ ነው አልኩ። እትዬ ኪዮኤ እሑድ እሑድ ሲደውሉ "እናቴ ትረሳለች?" ብለው ይጠይቁኛል፣ አረጋውያን የሚጦሩበትን ቤት ሲያጣሩ እንደከረሙ አውቃለሁ፣ "ኧረ በፍጹም፣ ከእኔ የበለጠ ያስታውሳሉ" እላቸዋለሁ፣ ከዚያ ማንም ሳያየኝ ሰዓቱን አወጣና ጠቋሚውን ወደ ልኩ እመልሰዋለሁ። እማማ እንዳያፍሩ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሩዙን ይዤ ስመለስ አንድ ሰዓት ወደኋላ ነው። እመልሰዋለሁ። ወደኋላ ነው። እመልሰዋለሁ። ስንት ጠዋት እንደዚያ እንዳለፈ እግዚአብሔር ይወቀው። እሳቸውም አንድ ቃል አይናገሩም፣ እኔም አንድ ቃል አልናገርም፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሾርባችንን እንጠጣለን።

ሲሞቱ ሰዓቱ ልክ ሆነ። የገደለኝ ያ ነው። ሩዙን ይዤ እመለሳለሁ፣ ባለነጭ ፊቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይቆጥራል፣ ወደኋላ የሚያዞረው የለ፣ እኔም የምመልሰው የለኝ። ሳህኑን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ።

ዛሬ አርባ ዘጠነኛው ቀን ነው፤ ጠዋት መነኩሴው መጡ፣ ደገሙ፣ ምሳቸውን ተቀብለው ሄዱ፣ አመዱን ከሞሪዮ ጎን አሳረፍነው። ከዚያ የዕቃው ድልድል ሆነ። ሟች የተጠቀመበት ዕቃ እንደ ስጦታ አይጠቀለልም፣ እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ ነው። እኔ ጥግ ላይ ሻይ ስቀዳ፣ በልቤ ሻንጣዬን እየሸከፍኩ፣ እትዬ ኪዮኤ ሣጥኑን ከፍተው "ሊጋ፣ ወዲህ ቅረቢ። እኔ ያደግሁበት ቤት ሰዓት ይቆጠር ነበር እንጂ ታሪኩ አይወራም ነበር። ለአንቺ ነው የነገረችሽ፣ አንቺ ንገሪን" አሉኝ። ነገርኳቸው። የቅንድቡን ስነግራቸው እትዬ ኪዮኤ የገዛ ቅንድባቸውን ዳሰሱ፣ ትንሿን ሰዓት እጃቸው ላይ አሠርኩላቸው። የጌንዞን ልጃቸው ኬንጎ ወሰደ፤ ትልቅ ሰው ነው፣ አፓርታማ ውስጥ ነው የሚኖረው። "አክስቴ፣ እኛ ጋ የፖም ዛፍ የለም፣ የት ልስቀለው?" አለኝ። "አንተ ከተነሣህ አይደል የሚሞላው!" አሉት እናቱ። "ሶፋ ላይ እንደተጋደምክ ይቆምብሃል፣ ለነፋስ ብሰጠው ይሻለኝ ነበር።" የሞሪዮን ሳያነሡ አለፉት፣ "ይኼ ድሮም ያንቺ ነው" ብለው። ከዚያ ባለነጭ ፊቱን አወጡ። አዩት። የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

"ይኼ ለምንድነው ልክ የሆነው?" አሉ።

እጄ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያው ነበር፣ አስቀመጥኩት። "እ... እትዬ..."

"ማነው የነካው?"

አበቃ አልኩ፣ ቤቱም ሄደ ሰዓቱም ሄደ። "እኔ ነኝ" አልኳቸው። "እማማ በመጨረሻ... ይቅር ይበሉኝ፣ ይረሱ ነበር። አንድ ሰዓት ያዘገዩት ነበር። እርስዎ እንዳያዝኑ ብዬ ደብቄ እመልሰው ነበር።"

እትዬ ኪዮኤ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፣ ቆይቼ ነው ሳቅ መሆኑ የገባኝ። "እናቴ? ረሳች?" አሉ። "በየእሑዱ እየፈራሁ ብጠይቅሽም፣ እናቴ የተወለድኩበትን ደቂቃ እስከ ሞቷ ቀን ትነግረኝ ነበር! ሊጋ፣ አንቺ ሴት፣ ያ የልጅሽ ሰዓት ነው!"

መዳፋቸው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁት።

"ስትመጪ ስልክ ሥር ቆመሽ ጣትሽን ስታጥፊ ታይሽ ነበር። አንዲት ጣት። ምን እንደምትቆጥሪ አልጠየቀችሽም፣ ካርታ አምጣልኝ አለችው ሞሪዮን። ከዚያ ባቡር ጣቢያው ጋ ካለው ሰዓት ሠሪ ይህን ገዛች። ስትሄጂ ስትመጪ ዓይንሽ እንዲያርፍበት፣ የልጅሽን ሰዓት ሳትቆጥሪ እንድታይው። ድሮ ልክ ታስቀምጠውና ስትደውዪ ብቻ ወደኋላ ታደርገው ነበር፣ ሞሪዮ ከሞተ በኋላ ግን ይኼ ሰዓት ከእንግዲህ በዚያው ይኑር፣ ለዚህች ልጅ የቀረላት ያ ብቻ ነው አለች። አንቺ ደግሞ ትመልሽዋለሽ! በየእሑዱ በስልክ የምትነግረኝ ይህንን ነበር፦ 'ሊጋ ዛሬም መለሰችው፣ ለእኔ ይህን ያህል አይገባኝም ማለቷ ነው፣ እንዲህ ያለ ትሑት ሰው አይቼ አላውቅም፣ እኔም አልተሸነፍኩም፣ ወደኋላ አድርጌዋለሁ' ትለኛለች። እሷ ከሄደች በኋላ እንኳ ትተይዋለሽ ብዬ ነው ልክ ሆኖ ሳየው የገረመኝ።"

ኬንጎ በሳቅ ሰሌኑ ላይ ተንከባለለ። "ሁለታችሁም ሳትናገሩ? በየቀኑ? አክስቴ፣ እኛ የዚህ አገር ሰዎች እንኳን እንደዚህ አንከባበርም!"

"ታሪኩ ገና ነው ይሉኝ ነበር" አልኩ።

"ልጅቷ በዚህ በር ስትገባ ነዋ የሚጀምረው" አሉ እትዬ ኪዮኤ። መሙያዋን ሳብ አድርገው፣ እንደ እናታቸው በሁለት ጣት፣ ጠቋሚውን አንድ ሰዓት ወደኋላ አዞሩትና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "ዳግመኛ ብትነኪው ከመቃብር ተነሥታ ትመጣብሻለች።"

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ ከንፈሬ ራሱ ተከፈተ፣ "የቤቱስ ነገር?" አልኳቸው።

"ምን የቤቱ ነገር?"

"ከአርባ ዘጠነኛው ቀን በኋላ ያሉኝ።"

"ጣሪያው ነዋ!" አሉ። "የኋላው ክፍል ያፈሳል፣ በረዶ ሳይመጣ መሠራት አለበት። እናቴ እየሰማች ቤትሽ ያፈሳል ብዬ ላሳዝናት?" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ዓይናቸውንም። "እኔኮ አገሬ ልግባ ትይኛለሽ ብዬ ነው የከረምኩት። ማዘጋጃ ቤት መሄድሽን ስሰማ፣ ትኬት ልትቆርጥ ወረቀት እያስጨረሰች ነው ብዬ ለባሌ ነገርኩት። እንቅልፍ የለኝም። ሰው የሌለበትን ቤት ጣሪያ ለማን ብዬ አሠራዋለሁ?"

"ሕጉ ቤቱ የእርስዎ ነው ይላል።"

"ሕጉ ጠዋት ተነሥቶ ለእናቴ ሩዝ ያቀርባል? ተይ እንግዲህ። የልጅሽ ክፍል ያ የኋላው ነው፣ ስትመጣ አናቷ ላይ ይንጠብጠብባት?" ፊቴን ሲያዩት ደግሞ ወዲያው ተቆጡ። "ገርጥተሻል። መቼ ነው የተኛሽው? ሂጂ ጋደም በይ። ሂጂ አልኩሽ! ሳህኑን እኔ አጥባለሁ።"

እና ይኸው ተጋድሜአለሁ። የሳህኑ ድምፅ ቆመ። እማማ ሺዙ አሁን ከጣሪያው ሥር ወጥተው መንገድ ጀምረዋል ይላሉ እነሱ፣ እኔ በእመቤቴ እጅ ናቸው እላለሁ፣ የትም ቢሆኑ ግን እየሳቁብኝ ነው። ሣጥኑን ከፈት አደርገዋለሁ። የሞሪዮ ይቆጥራል። ባለነጭ ፊቱም ይቆጥራል፣ አርሊን አሁን ክፍል ውስጥ ናት፣ እጇ በጠመኔ ነጭ ሆኗል፣ ልጆቹ እየተንጫጩባት ነው፣ ጣቴን አላጠፍኩም። ማታ ስደውልላት አሳማው ብቻውን ይደር እላታለሁ። የኋላው ክፍል እየተሠራልሽ ነው እላታለሁ፣ ትስቃለች።

የወረቀቱ በር ገርበብ አለ። እትዬ ኪዮኤ የተላጠ ፖም በሳህን ይዘው፣ እጃቸው እርጥብ እንደሆነ፣ አንገታቸውን አስገቡ።

"አልተኛሽም። አውቄ ነበር። ስንት ሰዓት ሆነ? ትንሿን ውኃ እንዳይነካት አውልቄያት የት እንዳስቀመጥኳት ጠፋኝ።"

"ቅንድብዎ ላይ ይፈልጉ" አልኳቸው።

"አፍ አወጣሽ ደግሞ! ስንት ሰዓት ነው? ጣሪያ ሠሪው በአሥር ይመጣል።"

ሁለቱን ሰዓቶች አየሁ።

"በእኛ ዘጠኝ ተኩል ነው" አልኳቸው።

"ጊዜ አለ እንግዲህ" አሉና ፖሙን ራስጌዬ አስቀምጠው በሩን ሳቡት። መቁጠሪያዬን አነሣሁ። ሦስተኛዋን አለፍኩ፣ አራተኛዋ ላይ ዓይኔ ከበደኝ።